ጥይት እምቢ ያለው ጠመንጃ

«አይገባም!» ሀብተ ሥላሴ ሦስተኛውን ጥይት ከወንድሙ ጠመንጃ ላይ መልሶ አነሣው። «ያልሞከርኩት የማን ጥይት አለ? ሁሉም ወፍራም ነው።»

«አካሉ የበሬ፣ ጉሮሮው የወፍ!» አለ ይታገሱ፣ የእህቱ ልጅ።

የሀብተ ሥላሴ ወንድም የፈንታው ሠልስት ነው። ለቀስተኛው ከላሊበላም ከሙጃም መጥቶ ድንኳኑን ሞልቶታል። እንደ ወጉ የሟቹ ጠመንጃ ወጥቶ ሊተኮስለት፣ አልቃሿ ወለተ ሩፋኤልም ገዳይነቱን ልታነሣለት ነበር።

የሟቹ ልጅ ማኅሌት እዚያው ቤት ውስጥ ጠመንጃውን ከአጎቷ ተቀበለችው። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲወለውለው እንጂ ሲተኩስበት አይታ አታውቅም። ልጅ ሳለች የትምህርት ቤት ጓደኞቿ «አባትሽ ስንት ሰው ገደለ?» ይሏት ስለነበር አንድ ቀን ራሱን ጠየቀችው። የእናቷን መርፌ ይዞ ነበር። ግማሽ ትንፋሹን አወጣ፤ ቀሪውን ያዘ፤ ክሩን በአንድ ጊዜ ሰደደው።

«እንኪ፣ ለእናትሽ ስጪ» አላት። ከዚያ ሌላ መልስ አላገኘችም።

የይታገሱ ስልክ ጮኸ። ይታገሱ ከተማ ውስጥ ሆቴል አለው፤ ትናንት የጠመንጃውን ፎቶ አሮጌ መሣሪያ ለሚሰበስብ አንድ የውጭ ደንበኛው ልኮለት ነበር።

«ብርቅ ነው ይላል። ሰብሳቢዎች ለዓመታት የሚያፈላልጉት ዓይነት ነው አሉ። ለወታደር ማሠልጠኛ የተሠራ፣ ወረቀት ላይ ዒላማ መምቻ። የራሱ ቀጭን ጥይት አለው። ይሸጣል ወይ ይላል።»

«በአባቴ ሠልስት ገበያ አትክፈት!»

«እኔ ምን አልኩ? እሱ ነው ያለው። ደሞ ሰደፉ ሥር ትንሽ ክዳን አለች፣ ክፈቷት ይላል።»

ማኅሌት በጥፍሯ ፈለቀቀቻት። የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። ክብ በክብ ውስጥ ተሥሎበታል፤ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለ። ጀርባው ላይ በአባቷ እጅ «አምስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ» ተብሎ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ አባቴ የተዋጋው በዚህ ነው?»

ሀብተ ሥላሴ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ኪሱ ከተተ።

«አልተዋጋም። አሠልጣኝ ነበር፤ ይህንንም የሸለሙት በተኩስ ውድድር ነው። ግንባር አልሄደም። ሰው አልገደለም።»

«ታዲያ አገሩ ሁሉ...»

«እኔ ነኝ። እሱ ወታደር ቤት ሳለ ሰዎች የእርሻችንን ድንበር ሊገፉ መጡ። ‹ወንድሜ ሰባት የጣለ ነው፤ ሲመጣ ታያላችሁ› አልኳቸው፤ ተዉኝ። ሲመለስ ነገርኩት። ክፉኛ ተቆጣኝ። ሰው ፊት ግን አላዋረደኝም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አፉን ዘጋልኝ።»

«በእኔም ላይ ዘጋብኝ» አለች ማኅሌት።

ወለተ ሩፋኤል አንገቷን በበሩ አስገባች። «ኧረ ሰው እየጠበቀ ነው! ተኩሱስ ይቅር፣ ስንት ጣለ ልበል? እናንተ ሰባት ትላላችሁ፤ ሙጃዎቹ አሥራ ሁለት አድርሰውታል።»

ሀብተ ሥላሴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያኔ ሊገፉን የመጡት ሰዎች ልጆች እዚያ ተቀምጠዋል። ምን ብዬ ልውጣ?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ብቻ ያልገደላቸውን ሰባት ሰዎች ተሸክሞ አይሂድብኝ።»

አጎቷ ጠመንጃውን ከእጇ ወስዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ የጀግና ጠመንጃ እንደሚያዝ ከራሱ በላይ ከፍ አደረገና ወደ ድንኳኑ ገባ።