ዐይናቸው እንዳያዳላ

አማቴ የወረቀት ፋብሪካው እንጨት መርማሪ ናቸው፤ እኔ ግንድ የማመላልስ ሹፌር። ሰው አማቱን ይፈራል። እኔም እፈራቸዋለሁ፣ ግን እየኮራሁ ነው የምፈራቸው።

ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያሉትን፣ ፖፕላር የሚባሉትን የወረቀት ዛፎች አዳቅለው ያፈሯቸው እሳቸውና ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። የሁሉም እናት አንድ፣ አባት አንድ፣ አፈራቸውም አንድ ነው። ነገር ግን ማሕፀን ዥንጉርጉር ነውና ወረቀት የሚሠራበት የእንጨቱ ቃጫ የአንዱ ረጅም፣ የሌላው አጭር ይሆናል፤ ከውጭ አይቶ የሚለይ የለም። ቃጫው ረጅም የሆነ ዛፍ ወረቀቱ በቀላሉ አይቀደድም። ፋብሪካው ታዲያ አንዱን ዛፍ ብቻ አስቀርቶ አዲሱን ማሳ በሙሉ ከእሱ በተቆረጠ ቅርንጫፍ ሊተክል፣ ሌሎቹን ሊቆርጥ ወሰነ። መራጯ አማቴ ሆኑ።

ባለቤታቸው ታመው በነበሩበት ጊዜ ወንበር አስወጥተው የሚቀመጡት ከበሩ አጠገብ ባለው ፖፕላር ሥር ነበር። አማቴ ዛሬም ግንዱን ዳበስ ሳያደርጉት አያልፉም።

«ዐይኔ ያዳላል» አሉኝ። «ናሙናውን አንተ አውጣ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ግን እንዳትነግረኝ።»

ከየዛፉ፣ ከቅርፊቱ እስከ መሃሉ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ እንጨት አወጣሁና ለየብቻው ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ በየብልቃጡ አንገት ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አሰርኩ። ለበሩ ዛፍ ቢጫ ደረሰው። አማቴ ስንጥሩን በአሲድ አለስልሰው ቃጫውን አንድ በአንድ ካላቀቁ በኋላ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀረቀሩ። እኔ ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ እሳቸው ከጸጉር የቀጠነውን ነገር ይለካሉ፣ ይጠራጠሩና እንደገና ይለካሉ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ቀና አሉ። «አረንጓዴው አቻ የለውም! ረጅም ነው፤ ከመሃል እስከ ቅርፊትም ብዙ አይለዋወጥም። ቢጫው ከሁሉም ያንሳል። የማን ነው?»

ባለቢጫውን ብልቃጥ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ተናገር እንጂ፣ አንተ ለፍላፊ! ዛሬ ምን ነካህ?»

«የበሩ ነው፣ እማማ።»

ወደ በሩ ዞር አሉ።

«ክሩን ልቀያይረው?» አልኳቸው። «ከእኔና ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል?»

«ሁለት ሰው አነሰህ?»

የሚቆረጥ ዛፍ ምልክት የሚደረግበትን ቀይ ቀለም ራሳቸው ይዘው ወጡ። ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉኝ። ማንም ሳያየው እንዳያልፍ የበሩን ዛፍ ግንድ ዙሪያውን ሰፋ አድርገው ቀቡት። በዚያች ሰዓት እጃቸውን ስሜ ባለቅስ ደስ ባለኝ፤ ግን አማቴ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም። ቀለሙን አስቀምጠው ክንዴን ያዙ።

«ነገ ቆራጮቹን ስታመጣቸው በዚህኛው ይጀምሩ» አሉኝ። «ከነገ ካደረ ማስቀሪያ ምክንያት አላጣለትም።»