ከብራናው የወጣችው ማርያም

ትህትና ሞላሌ ላይ ሥዕል ታስተምራለች። ክረምቱን ግን ግሼ፣ ገደል አፍ ላይ ባለች አንዲት ደብር ከረመች፤ መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ከዕቃ ቤት የሚያወጡላትን፣ ከግራኝ ወረራ በፊት የተጻፈ የብራና ወንጌል እያየች ለመሣል። ከሥዕሎቹ ሁሉ አንዲት ማርያም ልቧን ወሰደችው። ዓይኗ የአገር ዓይን ነው፤ ሰፊ፣ ዝም ያለ። የልብሷ እጥፋትና ጥላው ግን የሌላ እጅ ያለበት ይመስላል።

«በዚያ ዘመን ከሮም አገር የመጣ ሰዓሊ ከኛ ሰው ጋር ሆኖ ሣላት ይባላል» አሏት መሪጌታ።

ትህትና ያን እጥፋት ወስዳ በትልቅ ሸራ ላይ የመንዝ ገደል አደረገችው፤ ጥላው ሸለቆ ሆነ፣ ከላይ ሁለቱ ዓይኖች ብቻ። አዲስ አበባ ዐውደ ርእይ ላይ ሲሰቀል አንድ ሽበታም ሰው ከፊቱ አልነቃነቅ አለ።

«እቺን ማርያም የት አየሻት?»

ሥራዋን የወደደላት መስሏት የደብሯን ስም፣ የመሪጌታን ስም፣ መንገዱን፣ የስልክ ቁጥሯን ሳይቀር ነገረችው። ስለ ሸራው አንድም ቃል አልጠየቃትም። ይህን ያስተዋለችው ኋላ ነው።

ከመስቀል በኋላ የሥዕሏን ፎቶ ለመሪጌታ ልታሳይ ግሼ ወጣች። ጉም ደብሩን ውጦታል። መሪጌታ ገና ከደጀ ሰላሙ፣ «ልጄ፣ ያ የላክሽው ሰው ደህና ገባ?» አሏት።

«ማንንም አልላክሁም፣ አባ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ስምሽን ጠርቶ፣ የሥዕልሽን ፎቶ አሳይቶኝ አይደል እንዴ ወንጌሉን ያወጣሁለት! ጠበል ላመጣለት ለአፍታ ዞር አልኩ እንጂ...»

አልጨረሱትም። ዕቃ ቤት ገብተው ወንጌሉን ከማኅደሩ አወጡና ገለጡት። በማርያም ቦታ በምላጭ የተቆረጠ ቀጭን የብራና ጠርዝ ቀርቷል። ፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ላይ፣ ለዘመናት ተጭናው ከመኖሯ የተነሣ ቀይ ጥላዋ ታትሞ ይታያል።

መሪጌታ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ሕዝቡን ምን እለዋለሁ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። የመጣው በኔ ስም ነው።»

ደወል ተደወለ፤ ሰው ተሰበሰበ። ትህትና ሁሉንም ተናገረች። የሰደባት አልነበረም። የተቆረጠውን ጠርዝ ተራ በተራ ተሳለሙ፤ እሱ ባሰባት። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የሰውየውን መልክ አስመዘገበችና ወደ ሞላሌ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረች።

መንገድ ላይ ስልኳ ጠራ።

«መርሐቤቴ ያለው መጽሐፍም ያምራል አሉ» አለ የዚያ ሽበታም ሰው ድምፅ፣ ዝግ ብሎ። «መቼ ነው የምትጀምሪው?»

መርሐቤቴ ሄዳ ያንን መጽሐፍ እያየች ለመሣል ማሰቧን ከመሪጌታ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም ነበር። ስልኩን ዘጋችና ብድግ አለች።

«ሹፌር፣ ወራጅ አለ!»

ወርዳ በጉሙ ውስጥ ወደ ፖሊስ ጣቢያው አቅጣጫ መራመድ ጀመረች።