ቱርክኛ ለሁለት ሰው

ፈንታነሽ ቢቸና ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የሞጣዋ ብሩክታይት ገና ሦስተኛ ዓመቷን የያዘች የሒሳብ መምህርት ናት። በአንድ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ። ቱርክ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል ወጥቶ ሁለቱም ሲያመለክቱ፣ የቱርክኛ መማሪያ መጽሐፍ ፈልጋ ያገኘችው ፈንታነሽ ነበረች። የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስለሆነ እያነበበች የምታስረዳውም እሷው ነበረች።

አስተማሪነቷ ግን ሦስት ቀን እንኳ አልዘለቀም።

«ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ መጀመሪያ ያደናግራችኋል፣ አትሸበሩ ይላል» ብላ ስታነብ ብሩክታይት ሳቀች።

«ምኑ ያደናግራል ፈንትዬ? እንደኛው አይደል እንዴ! ኤቭ ቤት ከሆነ ኤቪም ቤቴ ነው፤ ከኋላ መቀጠል ነው።»

ነጥብ የሌላት «አይ» የምትባል ፊደል ላይ ሲደርሱ ባሰ። መጽሐፉ፣ በእንግሊዝኛ አቻ የላትም ብሎ ግማሽ ገጽ ስለ ከንፈርና ስለ ምላስ ያትታል። ፈንታነሽ ከንፈሯን እየለጠጠች «ኪዝ፣ ኩዝ» ስትል የመሪጌታ ልጅ የሆነችው ብሩክታይት ጣልቃ ገባች።

«ሳድስ እኮ ናት! ክዝ። ሴት ልጅ ማለት ነው አላልሽም?»

ፈንታነሽ መጽሐፉን ከደነችው። ስንት ዓመት የለፋችበት እንግሊዝኛ እዚህ አላራምድ ሲላት፣ ይቺ ልጅ እየሳቀች ታልፋታለች!

ብሩክታይት ለበዓል ወደ ሞጣ ስትሄድ መጽሐፉን ለመነቻት። ፈንታነሽም ያልደረሱበትን፣ ስለ ፊደላት አነባበብ የሚያስረዳ አንድ ቅጠል ገንጥላ አስቀርታ ሰጠቻት። በማግስቱ ስልክ ተደወለ።

«ፈንትዬ፣ አንድ ቅጠል ጎድሏል። መምህር የሚለው ቃል፣ በ‹ሲ› የሚጻፈው፣ እንዴት ነው የሚነበበው?»

ፈንታነሽ ከገነጠለችው ቅጠል ሆጃ መሆኑን ታውቃለች።

«ሆካ» አለቻት።

የትምህርት ዕድሉ ቃለ መጠይቅ ቢቸና፣ በአንድ ኢንተርኔት ቤት፣ በቪዲዮ ነበር። ብሩክታይት ቀድማ ገባች። ስትወጣ ወደ ፈንታነሽ ሮጠች።

«መምህሬ ልል ሆካም ብዬ ሰላም ብላቸው በሳቅ ፈረሱ! ለካ ሆጃም ነው፤ ‹ሲ› ‹ጅ› ናት። ተሳስተን ኖሯል። አንቺም እንዳትሳሳቺ!»

የፈንታነሽ ተራ ደረሰ። ገብታ «ሆጃም» አለች፤ ከዚያ በኋላ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

ዕድሉ ለብሩክታይት ደረሰ። ሞጣ በተደረገው ሽኝት ላይ በዘመድ አዝማድ ፊት ተነሥታ፣ «ያስተማረችኝ እሷ ናት» ብላ ለፈንታነሽ አስጨበጨበችላት። ፈንታነሽ ጭብጨባውን አልቻለችውም፤ ወደ ጓሮ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻት።

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው። ቀናሁብሽ።»



«ከሄድሁ በኋላ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት!» አለችና ወደ እንግዶቿ ተመለሰች።

ፈንታነሽ በማግስቱ የቢቸና አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች። ብነግራት ይቀለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም፤ ቅናቱም አልለቀቃትም።