የዘርፌ ግለ ሂስ

ዘርፌ በቦሌ መንገድ ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ ካልኩለስ ታስተምራለች። ከተማሪዎቿ ግማሾቹ በየዓመቱ ይወድቃሉ፤ ይህም ያንገበግባታል። ሒሳቡን አሳምራ ታውቀዋለች። እንዴት እንደሚያስተምሩት ግን ማንም አላሳያትም፤ ዲግሪዋን በያዘች ማግስት ጠመኔ አስጨብጠው ክፍል ከተቷት፣ በቃ። ስለዚህ በምሥራቅ ጀርመን ለኮሌጅ መምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና አንድ ቦታ ተገኝቷል ሲባል የምትሆነውን አጣች።

ዕጩዎቹ ሁለት ነበሩ፤ እሷና ሒሳብ የሚያስተምረው ባልደረባዋ ቢተው። ቢተው ክፍል ከሚገባበት ቀን የሚቀርበት ይበዛል፤ ከስብሰባ ግን ቀርቶ አያውቅም። ምርጫው እንደ ዘመኑ ወግ በሂስና ግለ ሂስ ነው። ዕጩው በሰው ፊት ቆሞ የራሱን ጉድለት ይናዘዛል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይተቹታል። ነገሩን የለመደ ሰው እዚህ ግባ የማይባል ጥፋት ጠቅሶ ይቀመጣል። ዘርፌ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የዋህነት ይሁን ድርቅና፣ እውነቱን ተናገረች።

«ተማሪዎቼ አይገባቸውም» አለች። «ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። ማስረዳት ያቅተኛል። ሥልጠናውንም የፈለግሁት ለዚሁ ነው።»

ቢተው ተነሳ። «እኔ ደግሞ ከሥራ ብዛት ጤናዬን አልጠብቅም» አለ። አጨበጨቡለት።

ሰብሳቢው ጓድ ዓለምሰገድ መነጽሩን አወለቀ። «ጓዲት ዘርፌ ማስተማር እንደማይችሉ በራሳቸው አንደበት አረጋግጠዋል። ደካማ መምህር ውጭ ልከን አገር አናሰድብም» አለ። እጅ ወጣ፤ ቢተው ተመረጠ።

ጉድ እኮ ነው። ጤነኛው ሐኪም ቤት ይሂድ፣ በሽተኛው ቤቱ ይተኛ ተባለ፤ ይህን የወሰኑት ደግሞ ሁሉም የተማሩ ሰዎች ናቸው።

በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። «ጓድ ቢተው እስኪመለሱ ተማሪዎቻቸውን ጓዲት ዘርፌ ደርበው ያስተምሩልናል» አለ ዓለምሰገድ።

የዘርፌ ደም ፈላ። «ለመማር ካልበቃሁ፣ ለማስተማር በምን በቃሁ?» አለች።

ሰብሳቢው መፈክር አሰምቶ ስብሰባውን ዘጋ። እሷም ወሎ ሰፈር እስክትደርስ በንዴት እያለቀሰች በእግሯ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት የሁለቱም ክፍል ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው ጠበቋት፤ ወንበር ያጡት መስኮት ላይ ተቀምጠዋል። ሰሌዳውን ሞልታ ዞር አለች።

«ያልገባው እጁን ያውጣ፤ ደግሜ አስረዳለሁ» አለች።

አንድም እጅ አልወጣም። ፊታቸውን አየች፤ ለማናቸውም እንዳልገባቸው ያስታውቃል።

«ሁላችሁም ገብቷችኋል?»

ከፊት የተቀመጠችው ሎሚ የምትባል ተማሪ አንገቷን ደፋች። «ቲቸር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አልገባኝም ያለ ሰው ምን እንደሚደረግ ሰምተናል።»