ለግምገማው ቀን የመጣው ማሽን

ወንድሜ ዋርያም የግል ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለ ከመሐንዲሶች ምክር ቤት ገምጋሚዎች መጡ። እነሱ ዕውቅና ካልሰጡ ተመራቂ የምዝገባ ቁጥር አያገኝም፤ ቁጥር የሌለውን ደግሞ መሐንዲስ ብሎ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት የለም። ዕውቅናው የሚሰጠው ተማሪዎቹ በገቡበት ዓመት እየተለየ ነው፤ የአንዱ ዓመት ገቢዎች ሲያልፉ የሌላው ሊወድቁ ይችላሉ።

ኮሌጁም ሙሽራ ጌጥ እንደምትዋሰው ዕቃ ተዋሰ። ኮንክሪት ጨፍልቆ ጥንካሬውን የሚለካ ማሽን በትራክተር ተጎትቶ ከሌላ ከተማ መጣ። ተማሪዎቹም "ሁልጊዜ እንሠራበታለን" በሉ ተባሉ።

ከዚያ ሁሉ ተማሪ መሀል ገምጋሚው ማንን ቢጠራ ጥሩ ነው? የእኛን ጉድ!

"ና እስቲ አንተ፣ አስነሳውና አሳየኝ።"

"አልችልም ጌታዬ። ትናንት ገና መምጣቱ ነው።"

ገምጋሚው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ጎበዝ! አገር የምትፈልገው እንዳንተ ያለውን መሐንዲስ ነው" አለው። ከዚያም የእሱን ዓመት ተማሪዎች በሙሉ ዕውቅና ነፈጋቸው። ኮሌጁ ደንግጦ ማሽኑን ገዛ፤ ከኋላቸው የገቡት አለፉ። የክፍል ጓደኞቹ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉትም።

የመስኖ መሥሪያ ቤቱ አንድ መሐንዲስ ሲፈልግ ዋርያም ተፈተነና አንደኛ ወጣ። እማዬ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ ብርያኒ፣ የድግስ ሩዝ በሥጋ፣ አበላች።

"አንደኛ ከወጣሁማ ያስቡልኛል" ብሎ ለቃለ መጠይቅ ገባ። የዋህ!

"የምዝገባ ቁጥርህ?" አሉት።

"የለኝም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?"

ቦታው ለሁለተኛው ተሰጠ፤ ከዚያው ኮሌጅ በአንድ ዓመት ዘግይቶ ለተመረቀው ለሳዋን።

ሳዋን አንድ ካርቶን ጣፋጭ ይዞ ቤታችን መጣ። ተንኮል የሌለበት ልጅ ነው፤ ይኸው ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

"ጋሼ ዋርያም፣ አንተ ያን ቀን እውነቱን ባትናገር ማሽኑ አይገዛም ነበር። እኛን መሐንዲስ ያደረግከን አንተ ነህ" ብሎ በአክብሮት እግሩን ሊነካ ጎንበስ አለ።

እኔ እህቱ ካርቶኑን የሳዋን ፊት ላይ ብከሰክስበት ደስ ባለኝ። ዋርያም ግን አንዱን አንስቶ ጎረሰ።

"እንኳን ደስ ያለህ" አለው።

"ደግሞ... ጋሼ፣ ስሌቱ ቢከብደኝ ብቅ ልበል?"

"ና፣ ምን ችግር አለው።"

ይኸው አሁን በየምሽቱ ይመጣል። ወንድሜ የመስኖ ቦዩን የውሃ በሮች ያሰላል፣ ይስላል፤ ሳዋን ጠዋት የራሱን የምዝገባ ቁጥር ጽፎ ይፈርምበታል። ጎረቤት "ዋርያም ምን እየሠራ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ እማዬ አንገቷን ደፍታ "አንድ ልጅ ያስጠናል" ትላለች።