የኤይናር ቤት ውሃ የቆመ ዕለት

በእኛ በሰሜን ሚኔሶታ ሰው እርዳታ አይጠይቅም። ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ መጀመሪያ የጎረቤቱን ጤና ይጠይቃል፣ ስለ በረዶው ትንሽ ያወራል፣ ከዚያ በኋላ ነው "ባልዲ ቢኖርህ፤ ካስቸገርኩህ ግን ተወው" የሚለው። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ጠዋት የሰማንያ አንድ ዓመቱ ጎረቤቴ ኤይናር የሚስታቸውን ሮዝ የፀጉር ማድረቂያ በብብታቸው ይዘው ደጃፌ ላይ ቆመው ሳያቸው፣ ነገሩ እንደከፋ ገባኝ።

ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ስድስት ነው። "ቀዝቀዝ ብሏል" አሉ። ብሏል አልኩ። ስለ መኪናዬ ባትሪ ጠየቁኝ። ይግቡ ስላቸው እንቢ አሉ፤ ሁለተኛም እንቢ አሉ፤ በሦስተኛው፣ በደንባችን መሠረት፣ ገቡ። ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ይኖረኝ እንደሆነ የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው። የቤታቸው ውሃ በረዶ ሆኖ ከቆመ አራት ሰዓት አልፎታል። ያን ሁሉ ጊዜ እኔን ላለማስቸገር ብቻቸውን ሲታገሉ ነበር።

በሌላ ዓመት ቢሆን ይህ ቀልድ ነበር። ዘንድሮ ግን ሚስታቸው ቦርግሂልድ ሊሞቱ ነው። ሐኪሞቹ ከገና በኋላ ሕክምናው በቃ ብለው ወደ ቤት ሰደዷቸው። እሳቸውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር፦ ስልሳ ዓመት በኖሩበት ክፍል፣ በመስኮቱ የጎተራውን ጣሪያ እያዩ መሞት። ከተማ ያለችው ልጃቸው ካሪን በዚህ የተስማማችው እያመነታች ነው። ቤቱ ሙቀትና ውሃ እስካለው ድረስ እናቷ ይቆያሉ፤ አንዱ ከጎደለ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ይሄዳሉ። ካሪን ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ትመጣለች።

"ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራል" አሉ ኤይናር። "ሥራ ከሌለህ ማለቴ ነው።"

ወደ ቤታቸው ሄደን፣ የውሃው መሥመር በሚያልፍበት ጠባብ ክፍተት ከወለሉ ስር በደረታችን ተሳብን። እንዲህ ባለ ብርድ ሁሉም ሰው ማታ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ክር በምታክል ውሃ ከፍቶት ያድራል፤ የሚሄድ ውሃ ቶሎ አይረጋም። ኤይናርም ከፍተውት ተኝተው ነበር። ሲነጋ ተዘግቶ አገኙት። ማን ዘጋው ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ቦርግሂልድ" አሉ።

ቦርግሂልድ እግራቸው ወለል ከነካ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ከአልጋ የሚያነሷቸውም የሚያስተኟቸውም ኤይናር ናቸው። ግን ቦርግሂልድ ፌስታል አጥበው በገመድ የሚያሰጡ ሴት ናቸው። ሌሊቱን ውሃው በከንቱ ሲፈስ እየሰሙ መተኛት አቃታቸው። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፣ እስከ ወጥ ቤት ሄዱ፣ ዘጉት፣ ተመልሰው ተኙ። ኤይናር አልሰሙም።

"ጠዋት ስትነግረኝ ፈገግ ብላ ነበር" አሉኝ። "ስንት እርምጃ እንደሄደች ቆጥራለች። አሥራ አንድ።"

ኤይናር መሥመሩን በማድረቂያው ማሞቅ የጀመሩት ከመሀል መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። መጀመር የነበረባቸው ከወጥ ቤቱ ቧንቧ በኩል ነው፤ አለዚያ የቀለጠው መውጫ ያጣል። ይህንን ስነግራቸው "ከቀረበኝ ነው የጀመርኩት" አሉ። በዚያ ዕድሜ፣ አፈሩ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ እኔን ቀድመው ቢጠሩኝ ኖሮ አልኩ በልቤ። በአፌ አልልም፤ እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ መሥመሩ መንጫጫት ጀመረ። ኤይናር እጄን ጨበጡኝ። ወዲያው የመዳብ መሥመሩ ጣት በሚያክል ርዝመት ተሰነጠቀና ውሃው ሁለታችንንም አበሰበሰን። ዋናውን የውሃ መዝጊያ እስክዘጋ ኤይናር ስንጥቁን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። ስንወጣ እጅጌያቸው እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው በስልክ ዓርብ እመጣለሁ አለ።

ካሪን ገብታ አባቷን አየች፣ ቧንቧውን ሞከረች፣ አልጮኸችም። እኛ ዘንድ ሰው አይጮህም። "እሺ አባዬ" አለች፤ ያ ማለት አልቋል፣ እናቷ ይሄዳሉ ማለት ነው። ከዚያ ቧንቧውን የዘጋው ማን እንደሆነ ጠየቀች። የመኝታ ቤቱ በር ክፍት ነበር።

"እኔ ነኝ" አሉ ኤይናር። "እንዳይባክን ብዬ።"

ካሪን አምቡላንስ ልትጠራ ወደ ሳሎን ወጣች። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ የእናቷን ልብስ በሻንጣ እየከተትኩ ነበር፤ ቦርግሂልድ ባላቸውን ጠሩ።

"ለምን ዋሸህ?"

"እንዳትወቅስሽ ብዬ ነዋ።"

"ትውቀሰኝ። ሦስት ሳምንት እንደ ዕቃ ስነሳ ስቀመጥ ከረምኩ። ዛሬ ሌሊት በእግሬ ሄጄ የፈለግሁትን ሠርቼ መጣሁ። ሌላ እንደማይኖረኝ አንተም ታውቃለህ። ይህችኑ አንዷን ነገርም ለራስህ ወሰድካት?"

ኤይናር ወደ ሳሎን ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። በሕይወታቸው ነገርን በቀጥታ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እናትሽ ናት የዘጋችው፣ ራሷ ተነስታ፣ ብቻዋን፣ አሉ።

ካሪን አባቷን በሐዘን አየቻቸው። "አባዬ፣ እማዬ እኮ ደግፈናት እንኳ መቀመጥ አትችልም" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እውነት ነው አልኳት። አይተሃል ወይ ስትለኝ ግን፣ አላየሁም አልኳት።

ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ተሸክመዋቸው በሩ ጋ ሲደርሱ ቦርግሂልድ "አውርዱኝ፤ በእግሬ እወጣለሁ" አሉ።

"እሺ እማዬ" አለች ካሪን፤ ብርድ ልብሱንም እስከ አገጫቸው ሳበችላቸው።