የፈይሩዛ ድስት

ጌታ ከተነሣ በኋላ ሥጋ አልበላም የሚል ሰው የማን ሰው ነው?

እማማ ፋናዬ ይህን ጥያቄ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ተሸክመውት ይዞራሉ። የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው ነበር። «በሃምሳው ጾም የለም» አሏቸው፤ ወዲያው ደግሞ «ሥጋ ብሉ የሚል ትእዛዝም የለም» ብለው መስቀል አሳልመዋቸው ሄዱ። ይሄ ደግሞ መልስ ነው? ራሱን ያመመውን ሰው ሆድ ቁርጠት ጨምሮ መመለስ ነው እንጂ!

ነገሩን ያመጣችባቸው ትንቢት ናት፣ የልጃቸው ልጅ። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፈች፣ አዝለው፣ ትምህርት ቤት አመላልሰው፣ በትኩሳቷ አብረው ታመው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የእንስሳት ሐኪም ሆና ኢተያ ተቀጥራለች፤ ጠዋት ከአሰላ ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች። ሁዳዴ ሲገባ እንደ ሰው ሁሉ ጾመች። ሽሮም ምስርም በላች፣ ተልባ ጠጣች። ማን ምን ያይባታል? ከተማው ሁሉ የሚበላው ያንኑ ነው። ጾሙ ደበቃት። ለካ ሰው ሥጋን ለሁዳዴ ሲሰናበት፣ እሷ የተሰናበተችው ለዕድሜ ልኳ ኖሯል።

የወጣላት በፋሲካ ጠዋት ነው። እማማ ፋናዬ የዶሮውን እግር በእንጀራ ጠቅልለው ሊያጎርሷት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ አፏን በመዳፏ ከደነች።

«እማማ፣ እኔ እኮ ሥጋ ትቻለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ትቻለሁ። በጾሙ ሰውነቴ ቅልል አለኝ፤ በዚያው ልቀጥል ብዬ ነው።»

«ታዲያ በጾሙ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በጾም ማን ሥጋ በላና ነው የምነግርሽ?»

«እንቁላሉንስ?»

«እንቁላል እበላለሁ፣ ወተትም እጠጣለሁ። ከዶሮው ወጥ የወጣውን ግን ተዪኝ።»

ጾም እንዳይሉት እንቁላል አለበት፤ ፍስክ እንዳይሉት ሥጋ የለበትም። እማማ ፋናዬ ጉርሻዋን እንደያዙ ቀሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ወይ ጹሚ ወይ ብዪ! መሀል ላይ ቆመሽ አታቃጥዪኝ።»

«እማማ፣ ሐኪም በሽተኛውን ይበላል?» ብላ ሣቀች።

እሳቸው አልሣቁም። ጉርሻዋን በንዴት ራሳቸው ጎረሷት።

ይህም ባልከፋ። የከፋው ከሰዓት በኋላ ነው።

ጎረቤታቸው ፈይሩዛ ሙስሊም ናት። ክርስቲያን ያረደውን እሷ አትበላም፣ ሙስሊም ያረደውን እሳቸው አይበሉም፤ በዚህ ደግሞ ማንም ማንንም አይቀየምም። ፈይሩዛ ገና በትዳር መጥታ ጎረቤት የሆነች ጊዜ፣ አንዲት ሰማያዊ ድስት ይዛ መጥታ፣ «እትዬ ፋናዬ፣ ይቺ አንቺ ቤት ትቀመጥልኝ። ሥጋ አታስነኪያት፣ የኔን በሷ ሥሪልኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር በዚያች ድስት በቅቤ ያበደ የምስር ወጥ ይሠራላታል። ድስቷ መደርደሪያው ላይ ለብቻዋ ነው የምትቀመጠው፤ ሥጋ የነካ ማንኪያ የሚያስጠጋባት ሰው ወዮለት።

እና በዚያ ፋሲካ ፈይሩዛ እንደ ልማዷ ከሰዓት መጣች፤ ምስሯ በትሪ ቀረበላት። ትንቢት ብድግ አለችና አጠገቧ ተቀምጣ አብራት መብላት ጀመረች። በፋሲካ ቀን! ዘመድ አዝማዱ በዶሮው ትሪ ዙሪያ ተሰብስቦ ሳለ፣ የእሳቸው ልጅ ከፈይሩዛ ድስት!

ያን ጊዜ እማማ ፋናዬን አንድ ነገር ልባቸው ላይ ወጋቸው። ሰው ሃይማኖቱን ሲለውጥ ቀድሞ የሚያስታውቅበት በሥጋው ነው። ስሙ እንዳለ ነው፣ ልብሱ እንዳለ ነው፤ ግን በዓል ሲመጣ «ዛሬስ ሆዴን አልተመቸኝም» ይልና ከእርዱ ይሸሻል። ይህን በዕድሜያቸው አይተውታል። ሲያሰላስሉት ደግሞ ሌላ መጣባቸው። የፈይሩዛ ልጅ አማን በአሰላና በኢተያ መሀል ሚኒባስ ይነዳል። ትንቢት በየቀኑ የምትሄደው በሱ መኪና ነው፣ ያውም ጋቢና። «አደራህን፣ ከኋላ ይጨናነቃሉ፣ ጋቢና አስቀምጥልኝ» ያሉት ራሳቸው እማማ ፋናዬ ነበሩ። በገዛ አፋቸው!

ከዚያ በኋላ ሰላም የሚባል አልነበራቸውም። ጥብስ ሠርተው በሯን ገርበብ ያደርጉባታል፣ ሽታው ይጥራት ብለው። እሷ ጎመኗን ይዛ ትቀመጣለች።

«ደምሽ ያልቃል!»

«ምስር ደም ይተካል እማማ።»

«ምስር ደም ካለው ለምን አይታረድም?»

በሣቅ ትወድቃለች። የምትስቅ ልጅ ነገር ደብቃ ነው ወይስ ሳትደብቅ? ቢጠይቋትስ? «አዎ» ካለች ምን ሊሉ ነው? ቤቱ ያለ እሷ ባዶ ነው። ጠይቀው ከሚያጧት ሳይጠይቁ ማወቅ ይሻላል።

አረፋ ሲቃረብ መላው መጣላቸው። የክርስቲያኑን ሥጋ ሸሽታ የሙስሊሙን ከበላች ነገሩ አለቀ፤ እሱንም ካልበላች ግን ልጃቸው አለች። በአጥሩ ላይ ፈይሩዛን ጠሯት።

«ፈይሩዬ፣ ለአረፋ ከአቦምሳ ሙስሊም እንግዳ ይመጣብኛል። የኔ ቤት ሥጋ አይሆነው። ከእርዳችሁ ትንሽ ጥብስ ብትልኪልኝ?»

«ትንሽ? ወላሂ እትዬ፣ ጎድን ከነሙሉው ነው የማመጣለት! ያንቺ እንግዳ የኔ አይደለም እንዴ?»

በአረፋ ቀን ፈይሩዛ ራሷ መጣች። በአንድ እጇ ለእነሱ በየዓመቱ የምታመጣውን ጭኮ፣ ገብሱ በቅቤ ታሽቶ የሚያብረቀርቀውን፤ በሌላው የተከደነ ሳህን። እማማ ፋናዬ ሰጥታቸው ትሄዳለች ብለው ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ አለች።

«እንግዳውን ሰላም ብዬ ልሂድ። የታለ?»

«መንገድ ላይ ነው፤ ይደርሳል።»

ትንቢት በዓል ስለሆነ ቤት ናት፤ ጭኮውን ገና ሳይቀመጥ መቆንጠር ጀምራለች። እማማ ፋናዬ ቆይተው፣ እንግዳ ሲታጣ ፈይሩዛ ተሰላችታ እስክትሄድ መጠበቅ ነበረባቸው። አላስቻላቸውም። ሳህኑን ከፈቱና ከልጅቷ ፊት ገፋ አደረጉት።

«እስቲ ቅመሺ።»

«አረ እትዬ!» አለች ፈይሩዛ ደንግጣ። «ምን ነካሽ? እኛ ያረድነው እኮ ነው!»

«ግድ የለም፣ ትቅመስ።»

ትንቢት ሳህኑን ወደሳቸው መለሰችው። «እማማ፣ ስንቴ ልንገርሽ? ሥጋ አልበላም።»

«ይሄንንም?»

«ማንም ይረደው። በሬው ማን እንዳረደው ምን ቸገረው?»

«የሙስሊሙንም አትበዪም?»

«አልበላም።»

«እሰይ! ተመስገን አምላኬ!» እማማ ፋናዬ ደረታቸውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። እንባቸው መጣ። «ተመስገን! ተመስገን!»

ሁለቱም ያዩዋቸዋል።

«እንግዳ የለም፣ አይደል?» አለች ፈይሩዛ ቀስ ብላ።

«እማማ፣ ምን መስሎሽ ነው?» አለች ትንቢት።

«እኔማ… ሥጋ ስትሸሺ፣ በፋሲካ ከሷ ድስት ስትበዪ፣ በየቀኑ ጋቢና ስትቀመጪ…»

«ጋቢና? የአማን ጋቢና?» ትንቢት ሣቋ አመለጣት። «አማን እኮ ኦጎልቾ ከተማ እጮኛ አለችው! መንገዱን ሙሉ የሚያወራኝ ስለሷ ነው።» ከዚያ የፈይሩዛን ፊት አየችና ሣቋን ዋጠችው። «ልትፈትኚኝ ነው? በሷ እጅ?»

«ከጭንቀት ነው ልጄ! ደምሽ፣ ሃይማኖትሽ፣ ሁሉም እኔ ላይ ነው። ፈይሩዬ፣ አንቺም አትቀየሚኝ። አንቺ እናቷ ነሽ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በጀርባሽ ነው ያደገችው፤ ይሄን አጣሁት እንዴ? ግን እንዲህ ያለው ነገር… በቃ፣ እግዜር አወጣኝ። ከስንቱ ጉድ አወጣኝ!»

ተናግረው ሳይጨርሱ ምን እንዳሉ ገባቸው። ጉዱ የፈይሩዛ ልጅ ነው። ጉዱ የፈይሩዛ ቤት ነው።

ፈይሩዛ ሳህኑን መልሳ ከደነች። ጭኮውን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ተነሣች። ከተቀመጠችበት ስትነሣ አንዴ፣ በሩ ላይ አንዴ፣ አጥሩ ጋ ደርሳ ደግሞ አንዴ «ነጋቲ፣ ደኅና ዋሉ» የማትልበት ቀን የለም፤ እማማ ፋናዬ «አንቺ ሴትዮ፣ መሰናበትሽ ከመቀመጥሽ ይረዝማል» ብለው የሚያሾፉባት በዚህ ነው። የመጀመሪያውን ጠበቁ።

ፈይሩዛ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ሰማያዊዋን ድስት ካለችበት አወረደች፣ ክዳኗን አስተካከለች፣ በብብቷ ያዘቻት።

«ፈይሩዬ፣ እሷን ምን ልታደርጊያት? እኔ ያንቺን በምን ልሥራልሽ?»

ትንቢት መንገድ ልትሰጣት ገለል አለች። ፈይሩዛ ሳህኑን በአንድ እጇ፣ ድስቷን በብብቷ እንደያዘች በሩን አለፈች፤ ግቢውን አቋረጠች፤ አጥሩ ጋ ደረሰች። እማማ ፋናዬ በሩን ይዘው ጆሯቸውን አቀኑ። የአጥሩን በር በክርኗ ገፍታ ምንም ሳትል ወጣች።